ዝናብ፣ ደወል፣ ሦስት ኖታ፦ «ብላክ ሳባት» በጎጃም ጆሮ

ይህን የእንግሊዝ ባንድ አልበም፣ የሄቪ ሜታል (የከባዱ ሮክ) ድምፅ ሲኮረጅ የኖረበትን፣ በሐምሌ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቁጭ ብሎ መስማት አልበሙን መበደል ነው። የሚጀምረው በዝናብ ነውና። ዝናብ፣ ራቅ ያለ ነጎድጓድ፣ ቀስ እያለ የሚደወል ደወል፤ ከግማሽ ደቂቃ በላይ ሌላ ነገር የለም። የደብረ ማርቆስ ክረምት ከላይ ከወረደበት የትኛው የሸክላው ዝናብ፣ የትኛው የጮቄ ሰማይ እንደሆነ አይለይም። ያን ጊዜ ጊታሩ ሲገባ ማስደንገጥ የነበረበት ሳያስደነግጥ ያልፋል። ኅዳር ወይም ታኅሣሥ፣ ከራት በኋላ፣ ሰፈሩ ጸጥ ሲል ይሻላል።

የቡድኑም፣ የአልበሙም፣ የመጀመሪያው ዘፈንም ስም አንድ ነው፤ «ብላክ ሳባት»። አራቱ ልጆች የእንግሊዝ የፋብሪካ ከተማ የበርሚንግሃም ተወላጆች ናቸው፤ ጊታር ቶኒ አዮሚ፣ ቤዝ ጊዘር በትለር፣ ድራም ቢል ዋርድ፣ ድምፅ ኦዚ ኦዝቦርን። ኦክቶበር 16 ቀን 1969 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ለንደን ሪጀንት ሳውንድ ስቱዲዮ ገብተው እንደ መድረክ አብረው ተጫወቱና በአንድ ቀን ጨርሰው ወጡ። ፕሮዲውሰሩ ሮጀር ቤይን፣ የድምፅ መሐንዲሱ ቶም አሎም ነበሩ። ዝናቡና ደወሉ የተጨመሩት ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ነው። ቨርቲጎ የተባለው አሳታሚ አልበሙን ያወጣው ዓርብ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1970 ነው፤ ዓርብና 13 ሲገጥሙ ፈረንጆች ክፉ ቀን ይሉታል። በእኛ ቁጥር የካቲት 6 ቀን 1962 ስለሆነ ይኼኛው ማስፈራሪያ እዚህ አይሠራም።

በነገራችን ላይ አምሃ እሸቴ አዲስ አበባ ላይ አምሃ ሪከርድስን ከፍቶ ሸክላ ማሳተም የጀመረው በዚያው በ1969 ነው። የዚያን ዘመን የአገራችንን ሸክላ የሚወድ ሰው የዚህን አልበም የድምፅ ጠባይ ቶሎ ይለምደዋል። ተጫዋቾቹ አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ዓይን እያየ ይጫወታል፤ ትንሽ ስህተት ቢገኝም ተቆርጦ አይወጣም።

አልበሙ በጠቅላላው 38 ደቂቃ ገደማ ነው። ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ አማኑኤል እስኪደረስ ያልቃል ማለት ይቻላል። ስትገዙ ወይም ስታወርዱ የዘፈኖቹን ዝርዝር አስቀድማችሁ ተመልከቱ፤ ሁለት ዓይነት አለና። የእንግሊዙ እትም «ኢቭል ዉመን» የሚል ዘፈን አለው፤ የአሜሪካው እትም እሱን አውጥቶ «ዊክድ ወርልድ»ን አስገብቷል። በዚያ ላይ አሜሪካኖቹ የመግቢያና የመሸጋገሪያ ቁርጥራጮችን ለብቻ ስም ሰጥተው ከዘፈኖቹ ጋር በአንድ መስመር ስላጣበቋቸው ፋይል ስትቆጥሩ የጎደለ ይመስላችኋል። አልጎደለም። በኋላ ከወጡት እትሞች ሁለቱንም ዘፈኖች የያዘውን መምረጥ ነው የሚሻለው። ከሁለቱ «ዊክድ ወርልድ» ይበልጣል። «ኢቭል ዉመን» ክሮው ከተባለ የአሜሪካ ባንድ የተወሰደ ዘፈን ሲሆን ቀድሞ በነጠላ እንዲወጣ የተቀዳ ነው፤ ከቀሩት መካከል የተጨመቀና የማይመለከተው እንግዳ ሆኖ ይሰማል።

አሁን ወደ ሪፉ። ሪፍ ማለት ተደጋግሞ የሚመጣና ዘፈኑን የሚሸከም አጭር የጊታር ሐረግ ነው፤ ይህ አልበም ለተከታዮቹ ያወረሰው ትልቁ ነገርም ዘፈንን በግጥም ዜማ ሳይሆን በሪፍ ላይ ማቆምን ነው። የመጀመሪያው ዘፈን ሪፍ ሦስት ምት ብቻ ነው። ወፍራሙ ጂ፣ ከላዩ አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለው ጂ (ያው ኖታ በቀጭኑ)፣ ከዚያ ወደ መካከል ተመልሶ ሲ ሻርፕ። በጂና በሲ ሻርፕ መካከል ስድስት ግማሽ ድምፅ (በኖታና በቀጣዩ ኖታ መካከል ያለው ትንሹ ርቀት) አለ፤ ኦክታቩን እኩል ለሁለት የሚከፍል ርቀት ነው። አውሮፓውያን የሙዚቃ ሊቃውንት ይህን ርቀት «በሙዚቃ ውስጥ ያለ ሰይጣን» ብለው ስም አውጥተውለታል፤ ማረፊያ የሌለው፣ ጆሮን በአየር ላይ አንጠልጥሎ የሚተው ነው። ስለ አልበሙ የሚጻፈው ነገር ሁሉ እዚህ ላይ ደርሶ ይንቀጠቀጣል።

የእኛ ሰው ግን ለምን ይንቀጠቀጥ? ይህ ርቀት አንቺ ሆዬ በሚባለው ቅኝታችን ውስጥ ቁጭ ብሎ ስንት ሙሽራ አስወጥቷል። አንቺ ሆዬን ከጂ ብንጀምረው ጂ፣ ኤ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኢ ነው፤ ዲ ፍላት ደግሞ የሲ ሻርፕ ሌላ ስሙ ነው። ስድስት ክር ያለው ክራር ያለው ሰው በጂ አንቺ ሆዬ ቃኝቶ ይሞክረው፤ ታችኛው ጂ፣ ኦክታቩ፣ ዲ ፍላት፣ ሦስቱም ክራሩ ላይ አሉ። አንድ ነገር ብቻ ይጎድላል። አዮሚ ሲ ሻርፑን ሲይዝ ከዲ ጋር እያፈራረቀ ያንቀጠቅጠዋል፤ በዚያ ቅኝት ዲ ስለሌለ ክራሩ መንቀጥቀጡን አያወጣም። ማሲንቆ ግን በጣት መንሸራተት ይችላልና እንዲያውም ከጊታሩ ያላነሰ ያለቅሰዋል።

እንግዲህ ርቀቱ ለእኛ ባዕድ ካልሆነ አልበሙ እዚህም የሚከብደው በምንድን ነው? በዝግታውና በዝምታው ነው። በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መካከል ያለው ባዶ ቦታ ረጅም ነው፤ ድራሙም አይሞላውም፣ ቢል ዋርድ ጥቂት ይነካና ይተወዋል። የሠርጉ አንቺ ሆዬ ይቸኩላል፣ ጭብጨባ አለው፣ ሰው አለው። ይኸኛው ሰው የሌለበት ቤት ነው። ብዙ ሰው «ሄቪ» የሚለውን ቃል ከጩኸት ጋር ያያይዘዋል፤ ድምፁን እስከ ጥግ ከፍቶ ይሰማና «ይኼን ያህል ምን አለው?» ይላል። አንድ ጊዜ ዝቅ አድርጋችሁ ስሙት። ክብደቱ አይቀንስም።

በገና የለመደ ጆሮ ሌላም የሚያውቀው ነገር ያገኛል። የበገና ድምፅ እንደዚያ የሚነዝረው በክሩና በበርኩማው መካከል እንዝራ የምትባል ትንሽ ቆዳ ስለምትገባ ነው፤ ክሩ ሲርገበገብ ቆዳዋን እየነካ ይመለሳል፣ ንጹሑ ድምፅም ወደ ሻካራ ንዝረት ይለወጣል። እንዝራዋ ከተንሸራተተች በገናው ደረቅ ይሆናል፤ ደርዳሪው ቆም ብሎ ያስተካክላታል። የጊታር ዲስቶርሽንም በመንገዱ ይለይ እንጂ በውጤቱ የእሷ ዘመድ ነው። አዮሚ በጊታሩና በሌይኒ አምፕሊፋየሩ መካከል ሬንጅማስተር የምትባል ትንሽ ማጉያ አስገባ፤ ይህች ሳጥን ከፍተኛውን ድምፅ አበርትታ ስትልከው አምፑ ከአቅሙ በላይ ይሆንበትና የድምፁን ሞገድ ጫፍ ይቆርጠዋል። የተቆረጠ ሞገድ አዳዲስ ከፍተኛ ድምፆችን ይወልዳል፤ ሻካራነቱ ከዚያ ነው የሚመጣው። ልብ በሉ፣ የጨመረው ቀጭኑን ድምፅ ነው፣ ወፍራሙን አይደለም። ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ ጀማሪዎች ሁሉ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነውና።

የመጀመሪያው ዘፈን አራት ደቂቃ ተኩል ገደማ ሲሆን ድንገት ይፈጥናል። እስከዚያ የተጠራቀመው ዝግታ በሙሉ ይለቀቃል። አቋቋም ሲቆም ያየ ሰው፣ ከመረግድ ወደ ጽፋት ሲገባ ከበሮው ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ንጽጽሩ ስለ ፍጥነት ብቻ ነው፤ ዜማውን ከዚህ ጋር የማነካካት ሐሳብ የለኝም። ግን ዝግታው በቂ ካልሆነ ፍጥነቱ ጣዕም እንደማይኖረው የጎጃም መሪጌታ ለማንም ማስረዳት አያቅተውም። ብዙዎቹ የዘመኑ ሜታል ባንዶች ይህን ግማሽ ትተው ፍጥነቱን ብቻ ወስደዋል።

«የሰይጣን ሙዚቃ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ እዚህ አገር መምጣቱ አይቀርም፤ በግልጽ እንመልሰው። በመጀመሪያው ዘፈን አንድ ሰው ጥቁር የለበሰ ፍጡር ፊቱ ቆሞ ሲጠቁመው ያያል፤ ይፈራል፣ እግዚአብሔር እንዲረዳው ይለምናል። ማምለክ የለበትም፤ ጩኸት ነው ያለው። «ኤን አይ ቢ» ግን ተናጋሪው ራሱ ሰይጣን ነው፣ ሴት አፍቅሮ የሚለማመጥ። የርዕሱን ሦስት ፊደላት ብዙ ሰው ምሥጢራዊ ትርጉም ሲያወጣላቸው ኖሯል፤ እውነቱ የቢል ዋርድ ጺም እንደ ብዕር ጫፍ (በእንግሊዝኛ «ኒብ») ሹል ስለነበር ጓደኞቹ ያወጡለት ቅጽል ስም ነው። የሽፋኑን ውስጥ ስትከፍቱ የተገለበጠ መስቀል ታገኛላችሁ፤ ያን ያስገባው አሳታሚው ነው፣ ልጆቹ አልተደሰቱበትም። እነሱ ራሳቸው አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉት ቀጥ ያለ መስቀል ነበር፣ የኦዚ አባት ከብረት የሠራላቸው። ግጥሙን የሚጽፈው በትለር በካቶሊክ ቤት ያደገ ነው። ለቅኔ አገር ሰው በአጭሩ ለመናገር፣ ሰሙ ሰይጣን ነው፣ ወርቁ ፍርሃት። ሰሙን ብቻ ይዞ የሚሄድ አድማጭም፣ ሰሙን ብቻ ይዞ የሚያወግዝም ወርቁን ይስታል። ይህም ሆኖ ለልጆች የሚከፈት አልበም አይደለም፤ ፊት ሽፋኑ ላይ የቆመችው ጥቁር የለበሰች ሴት ብቻዋን ሕፃን ታስለቅሳለች። ከኋላዋ ያለው በኦክስፎርድሺር የሚገኘው የሜፕልደርሃም የውኃ ወፍጮ ነው።

የቀሩትን ዘፈኖች በቶሎ እንለፋቸው። «ዘ ዊዛርድ» ላይ ኦዚ ሃርሞኒካ ይነፋል፤ ሃርሞኒካውና ጊታሩ አንድ ሐረግ እየተቀባበሉ ሲሄዱ ድራሙ ከሥር ይፈነጫል። የቢል ዋርድ እጅ የጃዝ እጅ መሆኑ እዚህ ይታወቃል። «ቢሃይንድ ዘ ዎል ኦቭ ስሊፕ» ጥሩ ነው፣ ከዚያ በላይ አይደለም። «ኤን አይ ቢ» በቤዝ ብቻ ይጀምራል፤ በትለር በዋህ ዋህ ፔዳል (በእግር እየተረገጠ ድምፁን እንደ አፍ የሚከፍትና የሚዘጋ መሣሪያ) እያናገረው ይመጣና ሪፉን ራሱ ያስገባዋል። የኦዚ ድምፅ እዚህ ከጊታሩ ሪፍ ጋር ተጣብቆ ነው የሚሄደው፤ አዝማሪ ማሲንቆውን ከአፉ ዜማ እንደማይለይ ማለት ነው። የአልበሙ ሁለተኛ ምሰሶ ይህ ዘፈን ነው። «ስሊፒንግ ቪሌጅ» በአጭር እንቅልፋም መግቢያ ይጀምራል፤ ከዚያ «ዎርኒንግ» ይመጣል፣ አሥር ደቂቃ ገደማ። ይህ ከኤይንስሊ ደንባር ባንድ የተወሰደ የብሉዝ ዘፈን ነው፤ መሃሉ ላይ ጊታሩ ለብቻው ረጅም መንገድ ይሄዳል፣ አንዳንድ ቦታም መንገዱ ይጠፋበታል። ሦስት ደቂቃ ቢቆረጥለት አልበሙ ምንም አይጎዳም ነበር። መሣሪያ የሚጫወት ሰው ግን አይዝለለው፤ የብሉዝ ሶሎ የሚሄድበት አምስት ኖታ ከእኛ ባቲ ማይነር ቅኝት ጋር አንድ ነው። በኢ ላይ ብንወስደው ኢ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ። በባቲ ማይነር የተቃኘ ክራር ይዞ «ኤን አይ ቢ»ን መከተል ለጆሮ ጥሩ ልምምድ ነው።

ጊታር ላለው ደግሞ ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። አዮሚ በ17 ዓመቱ የብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ማሽን የቀኝ እጁን የመሃልና የቀለበት ጣት ጫፍ ቆረጠው። ግራኝ ስለሆነ ክር የሚጫነው በዚያው እጁ ነው። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና የነበረበትን ፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፤ ክሩ እንዳያንሸራትተው ላዩን በአሮጌ ጃኬት ቆዳ ሸፈነው። ቆቡ ውስጥ ያለ ጣት ክሩን አይሰማም፣ ስለዚህ ምን ያህል እንደሚጫን መገመት ያዳግታል፤ ወፍራም ክርም ያማል። መጀመሪያ የባንጆ ቀጭን ክር ጊታሩ ላይ አሰረ። ብዙ ጣት የሚጠይቁ ኮርዶችን (አብረው የሚመቱ ኖታዎችን) ትቶ ሁለት ኖታ ብቻ ወደሚይዘው አያያዝ አዘነበለ። ሁለት ኖታ ብቻ ደግሞ ዲስቶርሽን ውስጥ ንጹሕ ሆኖ የሚወጣው ነው፤ ሦስትና አራት ኖታ ያለው ኮርድ ይጨማለቃል። ለጉዳቱ የተገኘው መላ ለድምፁም መላ ሆነ ማለት ነው። ዛሬ ሙሉ ጣት ያላቸው ሁሉ በዚያው አያያዝ ይጫወታሉ።

ሪፉን ለመጫወት ጊታሩ በተለመደው ቅኝት ይቃኝ፤ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ። አንዳንድ የማስተማሪያ ቪዲዮ ክሩን ሦስት ግማሽ ድምፅ አውርዱ ይላል፤ ስህተት ነው። አዮሚ ያን ያህል ማውረድ የጀመረው በ1971 በሦስተኛው አልበም ላይ ነው። ወፍራሙ ስድስተኛ ክር ሦስተኛ ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ በብረት የተከፈለ ቦታ) ላይ፣ አምስተኛው ክር አምስተኛ ፍሬት ላይ አብረው ይመቱ፤ ይህ ጂ ነው። ቀጥሎ አራተኛው ክር አምስተኛ ፍሬት፤ ኦክታቩ። ቀጥሎ አምስተኛው ክር አራተኛ ፍሬት፤ ሲ ሻርፕ። ሌባ ጣት አራተኛው ፍሬት ላይ ተጭኖ ይቆይና በቀለበት ጣት አምስተኛውን ፍሬት እየነኩ እየለቀቁ ማንቀጥቀጥ ነው። ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር መሣሪያ) ካለ 60 ላይ አድርጎ መጀመር ይበቃል።

የሚበላሸው ሦስት ቦታ ነው። አንዱ ኦክታቩን ሳያፍኑ ወደ ሲ ሻርፕ መሄድ፤ በስድስት ግማሽ ድምፅ የተራራቁ ሁለት ኖታዎች በዲስቶርሽን አብረው ሲጮኹ አንዱም አይለይም፣ ጭቃ ይሆናል። ጣቱን ከክሩ ሳያነሱ ላላ ማድረግ ነው መፍትሔው። ሌላው መንቀጥቀጡን ከመጀመሪያው ማፍጠን፤ ሲ ሻርፑ ራሱን ሳያስተዋውቅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ያ አንጠልጣይ ስሜት አይመጣም። ከሁሉ የባሰው ዝምታውን መሙላት ነው። ጊታሪስቱ እጁ ሥራ ሲፈታ ያፍራል መሰለኝ፣ ትንሽ ጌጥ ይጨምራል። አይጨመርበትም።

ስለ ክር አንድ ማስጠንቀቂያ። ባህር ዳርም ሆነ ፍኖተ ሰላም በቀላሉ የሚገኘው የሳጥን ጊታር ነው፤ ብዙው ደግሞ ለናይለን ክር የተሠራ ነው። ድምፁ እንዲጠነክር ተብሎ የብረት ክር ሲታሰርበት የብረቱ ውጥረት ከናይለኑ እጅግ ስለሚበልጥ ክሩ የሚታሰርበት ድልድይ ከሳንቃው ይገነጠላል ወይም ሳንቃው ያብጣል። ክሩ የሚታሰርበት ቦታ ቀዳዳ ብቻ ከሆነና የሚደፈን ችንካር ከሌለው፣ አብዛኛውን ጊዜ የናይለን ጊታር ነው፣ አትንኩት። ለኤሌክትሪክ ጊታር ከ0.009 የሚጀምር ክር ለዚህ አልበም ይስማማል፤ 0.012 የሚጀምረው ጣት ከማቁሰል በቀር የሚጨምረው ክብደት የለም።

አሁን ወደ ሞንታርቦው። ለሠርግና ለስብሰባ የሚከራየው ስፒከር ላይ ጊታርን በዲስቶርሽን ፔዳል በቀጥታ ሰክቶ መጫወት የተለመደ ነው፤ የሚወጣውም ቀፎው የተነካ ንብ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። የጊታር አምፕ ስፒከር ከ5,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ ይቆርጠዋል፤ ሞንታርቦው ግን ትዊተር (ቀጭን ድምፅ የሚያወጣ ትንሽ ስፒከር) ስላለው የተቆረጠው ሞገድ የወለደውን ፍጭት በሙሉ አምጥቶ ጆሮ ላይ ይደፋዋል። የጊታር ስፒከርን ጠባይ የሚያስመስል ፔዳል ወይም የስልክ መተግበሪያ በመካከል ማስገባት ነው፤ ያ ከሌለ ሚክሰሩ ላይ ያለውን የቀጭን ድምፅ ቁልፍ እስከ ታች ማውረድ ግማሹን ችግር ያቃልላል።

ቀደም ብዬ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ ያልኩት የቤዙ ቁልፍ ጉዳይ ነው። ጀማሪ «ከባድ ይሁን» ብሎ የጊታሩን ቤዝ እስከ መጨረሻ ይከፍታል። ለብቻው ሲጫወት ያምራል፤ ባንዱ ሲገባ ጊታሩ ይጠፋል፣ ምክንያቱም ያን ቦታ የቤዝ ጊታሩ ይዞታል። በዚህ አልበም በትለር አብዛኛውን ጊዜ ሪፉን ከአዮሚ ጋር እኩል ነው የሚጫወተው፤ ክብደቱን የሚሸከመው እሱ ነው። ጊታሩ መካከለኛ ድምፁ ከፍ፣ ቤዙ ዝቅ፣ ዲስቶርሽኑ ግማሽ ላይ ሆኖ ሲቀመጥ ነው ሁለቱ ተደምረው ግድግዳ የሚሆኑት። የአዮሚ ጊታር ጊብሰን ኤስጂ ነበር። እንዲያውም ያን ቀን የጀመረው በፌንደር ስትራቶካስተር ነው፤ «ዊክድ ወርልድ»ን እንደቀዱ የድምፅ መቀበያው ተበላሸበትና ኤስጂውን አነሳ። የሄቪ ሜታል ድምፅ ይህ ነው ተብሎ ሃምሳ ዓመት የተኮረጀው በተጠባባቂ ጊታር የተቀዳ ነው።

ለመስማት ብቻ የሚፈልግ ሰው በስልክ ስፒከር አይሞክረው። የሪፉ ታችኛው ጂ በጊታር 98 ኸርዝ ነው፣ በቤዝ ደግሞ 49። የስልክ ስፒከር ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን የሚያወጣው በጭላንጭል ነው፤ ስለዚህ የምትሰሙት የኖታውን ጥላ እንጂ ኖታውን አይደለም። ባጃጅ ውስጥ ያለው ደግሞ የተቃራኒው ነው፤ ቤዙ እስኪርገፈገፍ ተከፍቶ የቢል ዋርድን ጸናጽል የመሰለ ሲምባል ይውጠዋል። መካከለኛ ዋጋ ያለው ኢርፎን ከሁለቱም ይበልጣል። ሙዚቃ ቤት በፍላሽ ስታስጭኑ የፋይሉን መጠን ተመልከቱ፤ አልበሙ በሙሉ 36 ሜጋባይት ገደማ ከሆነ በ128 ኪሎቢት የተጨመቀ ነው፤ ያኔ ዝናቡ እንደ ጥብስ ይንጣጣል፣ ሲምባሉም ውኃ ውስጥ የተነከረ ይመስላል። በ320 ከሆነ 90 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ልዩነቱን ማንም ይሰማል።

ስለ ውርሱ። በወጣበት ዓመት ሮሊንግ ስቶን መጽሔት አጣጥሎታል፤ ያም ሆኖ በእንግሊዝ የአልበም ሰንጠረዥ 8ኛ፣ በአሜሪካ 23ኛ ደርሷል። ከዚያ በኋላ የሆነውን በሰዎቹ መከታተል ይቻላል። ሮጀር ቤይን በ1974 የሌሎቹን የበርሚንግሃም ልጆች የጁዳስ ፕሪስትን የመጀመሪያ አልበም ፕሮዲውስ አደረገ፤ ያኔ የድምፅ መሐንዲስ የነበረው ቶም አሎም ደግሞ በ1980 የእነሱኑ «ብሪቲሽ ስቲል»ን ሠራ። በ1986 የስዊድኑ ካንድልማስ ዝግታውን ብቻ ለይቶ ወስዶ ዱም ሜታል የሚባለውን ቅርንጫፍ ካጠናከሩት አንዱ ሆነ። በዚያው ዓመት የአሜሪካው ባንድ ስሌየር የፍጥነቱን ጥግ ይዞ መጣ፤ ግን የእነሱ «ሬይኒንግ ብለድ» በምን ይጀምራል? በነጎድጓድና በዝናብ። በ1994 ለብላክ ሳባት ክብር በተሠራ አልበም ላይ ታይፕ ኦ ኔጋቲቭ የተባለው ባንድ የመጀመሪያውን ዘፈን ከዋናው ይበልጥ አዘግይቶ ተጫወተው፤ የአዘጋገሙን ምሥጢር ከገባቸው ጥቂቶች አንዱ ነው። በአፍሪካም ቦትስዋና ውስጥ እንደ ራስት፣ ስኪንፍሊንትና ኦቨርትረስት ያሉ ባንዶች የቆሙት በዚህ የዘር ሐረግ ላይ ነው። የእኛው ጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» የተባለውን አልበም ይዞ ሲመጣ ሻካራ ጊታርን ከአገር ቅኝት ጋር አስማምቶ አሳይቷል፤ ወደ ሮኩ ያደላል፣ ወደዚህ አልበም ጨለማ አልገባም። አንቺ ሆዬ በዲስቶርሽን ቀስ ተብሎ ቢሞከር ምን እንደሚወጣ ገና ያልተነካ ሜዳ ነው።

ወራሾቹ በብዛት ያልያዙት የድራሙን ነገር ነው። ጊታሩን ኮረጁ፣ አምፑን ገዙ፣ ክሩን አወረዱ፤ የቢል ዋርድን የሚወዛወዝ፣ ከምቱ ትንሽ ወደ ኋላ የሚል የጃዝ እጅ ግን ቀጥ ባለ ምት ተኩት። ስለዚህ ብዙ ሜታል ይከብዳል እንጂ አይወዛወዝም። እስክስታ የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ቶሎ ይለየዋል፤ «ዘ ዊዛርድ» ሲከፈት ትከሻ የሚነቃነቀው፣ ብዙ የዘመኑ ሜታል ሲከፈት የማይነቃነቀው ለዚህ ነው።

ጁላይ 5 ቀን 2025 አራቱ የመጨረሻ ጊዜ በትውልድ ከተማቸው በቪላ ፓርክ ስታዲየም መድረክ ላይ ወጡ፤ ከእነሱ በፊት ሜታሊካ፣ ስሌየር፣ ፓንቴራና የፈረንሳዩ ጎጂራ (ስሙ ከእኛ ጋር ዝምድና የለውም) ተጫውተዋል። የሳባት ድርሻ አራት ዘፈን ብቻ ነበር፤ ከዚህ ከመጀመሪያው አልበም የተመረጠው «ኤን አይ ቢ» ነው። ኦዚ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም፤ ጁላይ 22 አረፈ።

አልበሙን ከወደዳችሁት ቀጥሎ በዚያው በ1970 ሴፕቴምበር ላይ የወጣውን «ፓራኖይድ»ን ስሙ፤ ዘፈኖቹ አጠር፣ ሪፎቹ ጠንከር ያሉ ናቸው። ከዚያ የ1971ን «ማስተር ኦቭ ሪያሊቲ»። ጊታሩ ሦስት ግማሽ ድምፅ የሚወርደው እዚያ ነው፤ በክራር የምትከተሉ ከሆነ መቃኛውን አዘጋጁ፣ ከላላ ክር ጋር አንድ ማታ ትታገላላችሁ።